ባልና ሚስት ሆኖ ወላጅ ያጡ ልጆችን ለማገልገል መሄድ፦ ከመነሻው እስከ መልሱ

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ እኔ በአንድ ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ እይዛለሁ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የዓመት ፈቃዳችንን አንድ ላይ ወስደን አዲስ አበባ ሄድንና ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉበትን ቤት አራት ሳምንት አገለገልን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሰናል።

ከአሜሪካም ከአውሮፓም የሚደውሉ ጥንዶች «ትዳራችሁ በዚህ ጉዞ ጠነከረ ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ጠንክሯል። ያጠነከረው ግን ሕፃን አቅፎ ማልቀስ አይደለም። እኛን ያቀራረበን ከልጆቹ ዓይን ዞር ብለን፣ ልጆቹን ሌትና ቀን ለሚያሳድጓቸው ሰዎች ሸክም ለማቅለል የሠራነው ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው መመሪያ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ ራሳችን ስተን የተማርነውም አለበት።

1. ለምን እንደምትሄዱ ለየብቻ ጻፉ

ትኬት ከመቁረጣችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ፣ አንድ ምሽት ሁለታችሁም ወረቀት ይዛችሁ በተለያየ ክፍል ተቀመጡ። «መሄድ የምፈልገው ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳትመካከሩ መልሱ። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡ። ስታነቡ አትከራከሩ፤ በማግሥቱ ተነጋገሩ።

እኔ «ልጅ ማቀፍ ናፍቆኛል» ብዬ ጻፍሁ። እሱ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ «እናቴ ያለ እናት ስላደገች።» አማቴ እናታቸውን በልጅነታቸው እንዳጡ አውቃለሁ። ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው እየተላኩ፣ የሰው እንጀራ እየጋገሩ ማደጋቸውን ግን በ11 ዓመት ትዳራችን ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁም። ሌሊቱን ሲነግረኝ አደረ። ገና አውሮፕላን ሳንሳፈር ባሌን በአዲስ ዓይን ያየሁት ያን ሌሊት ነው።

ወረቀታችሁ ላይ የሚከተሉት ነገሮች ከወጡ ጉዞውን አዘግዩት። አንደኛው፣ ትዳራችሁ እየፈረሰ ነውና ይህ ያድነዋል የሚል ተስፋ ነው፤ ለተጣሉ ባልና ሚስት ሽማግሌ እንጂ የተጎዳ ልጅ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛው ቅርብ ጊዜ የደረሰ ሐዘን ነው፤ ልጅ የሞተባችሁ ወይም ፅንስ የወረደባችሁ ከሆነ በቅድሚያ ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ። ልጅ ፈልጋችሁ ያላገኛችሁ ከሆነም ይህን ለሚቀበላችሁ ድርጅት በግልጽ ተናገሩና ከልጆች ጋር የማያገናኝ ሥራ ጠይቁ። ሦስተኛው ደግሞ አንዳችሁ ለሌላው ደስታ ብላችሁ ብቻ እሺ ማለታችሁ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ቀላል አታድርጉት። ክብርት አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ወርደው፣ በረሃብ ከሞቱት መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ በቤታቸው የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» ባሏቸው ጊዜ ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች እናት ሆነው ኖረዋል፤ እኔ ስማቸውን የምጠራው በአክብሮት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥሪ ትዳርን ለሁለት ሊከፍል እንደሚችል የእሳቸው ሕይወት ምስክር ነው። አንዳችሁ በሙሉ ልብ ካልሆናችሁ ትኬቱ ይቆይ።

2. ቦታውን በጥንቃቄ ምረጡ

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን፤ በጎ ልብ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነውና።

በካምቦዲያ የሆነውን እንመልከት። እንደ ዩኒሴፍ ጥናት ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ ጨመረ። በቤቶቹ ውስጥ ከነበሩት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ቤቶቹን ያበዛቸው የእናት አባት ሞት ሳይሆን ዶላር ይዞ የሚመጣው ጎብኚና በጎ ፈቃደኛ ነው። ጎብኚ ገንዘብ ሲያመጣ ቤቱን የሚሞላ ልጅ ይፈለጋል፤ ያኔ ደላላ ወደ ድሃ እናት ቤት ይሄድና «ልጅሽን እናስተምርልሽ» ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ፣ በሕፃናት ማሳደጊያዎች የሚደረግ በጎ ፈቃደኝነትና ጉብኝት የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲከላከሉ አገሮችን ጠይቋል።

ሌላው በሩማንያ ቡካሬስት የተደረገው ጥናት ነው። ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ለዓመታት ተከታተሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የተዛወሩት በማሳደጊያ ከቀሩት በብዙ ነገር ተሻሉ። ሕፃን በየቀኑ የሚያየው፣ የማይለዋወጥ አንድ ሰው ይፈልጋል። እኛ በአራት ሳምንት የምንለዋወጥ ሰዎች ነን።

ይህን ከማወቄ በፊት፣ በመጀመሪያው ጉዞ በሁለተኛው ቀን፣ አንድ ወዳጅ ወደ ሌላ ቤት ወሰደን። መታወቂያ የጠየቀን የለም። በሩ እንደተከፈተ ልጆቹ ሮጠው አንገታችን ላይ ተጠመጠሙ። ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጭኔ አልወርድም አለ። ስንወጣ ጩኸቱ እስከ መንገዱ ተከተለን። እኔ እንደወደደኝ ቆጥሬ ደስ እያለኝ ሄድሁ። በማግሥቱ ብስኩት ይዤ ስመለስ ሞግዚቷ በሩ ላይ ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ትናንት ሌሊቱን አልተኛም። እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ልቅሶው የሚቀረው ከእኛ ጋር ነው» አሉኝ። ብስኩቱን ሰጥቻቸው ከበር ተመለስሁ። ከማያውቁት ሰው አንገት ላይ የሚጠመጠም ልጅ ብዙ ሰው መጥቶ የሄደበት ልጅ መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

ስለዚህ ለማገልገል ከመስማማታችሁ በፊት ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ። ከልጆቹ መካከል ስንቱ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም ዘመድ አለው? ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ዘመዱ ተመለሰ? በጎ ፈቃደኛ ከልጅ ጋር ብቻውን እንዲሆን ይፈቀዳል? የሕፃናት ጥበቃ ደንባችሁን ልትልኩልን ትችላላችሁ? ከእኛስ የፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገቡበትን የምስክር ወረቀት፣ ከአካባቢው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ጋር ያላቸውንም ግንኙነት ጠይቁ።

ጥያቄያችሁ የሚያስቆጣው ቤት ይቅርባችሁ። «መቼም ብትመጡ በራችን ክፍት ነው» የሚል ቤትም ይቅርባችሁ። እኛ እስከ ዛሬ የምንመላለስበት ቤት በመጀመሪያ ጥሪያችን «አሁን ሰው አያስፈልገንም፤ በክረምት የምትሠሩት ሥራ ካለ እናሳውቃችኋለን» አለን። በዚያው ወደድሁት። ዛሬ እንደ አዲስ የምጀምር ብሆን ግን መጀመሪያ የማንኳኳው ልጆችን ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው ሳይለይ የሚረዳ ድርጅት በር ነው።

3. ከልጁ ጋር ሳይሆን ለልጁ የሚሆን ሥራ ያዙ

«ምን ይጎድላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ አይሆንም። ባለቤቴ የተሰጠው ሥራ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን የኤሌክትሪክ መስመር ማደስ ነበር። አሮጌ ገመድ በእርጥብ ግድግዳ ላይ ተጋልጦ ይታይ ነበር። እሱን ሲጨርስ የሚያፈሰውን ሮቶ ጠገነ፤ የተደራራቢ አልጋዎቹንም የላላ ብሎን አጠበቀ። እኔ የልጆቹን የክትባትና የሕክምና ካርድ ከየካርቶኑ አውጥቼ በስምና በዕድሜ ሰደርሁ። ሥራው አሰልቺ ነበር። የ14 ልጆች የክትባት ጊዜ ማለፉ የታወቀው ግን ከእነዚያ ካርቶኖች ነው።

የእጅ ሙያ የላችሁም? ሒሳብ መያዝ የምትችሉ፣ ኮምፒውተር የምታውቁ፣ መኪና የምትነዱ፣ የልብስ ስፌት የምትሰፉ ሁሉ ትፈለጋላችሁ። ከልጆች ጋር መሥራት የግድ ካማራችሁ 16 እና 17 ዓመት የሞላቸውን ያዙ። እነሱ 18 ሲሞላቸው ከቤቱ ይወጣሉ። የባንክ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈት፣ የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የቤት ኪራይ ውል እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳያቸው ሰው ይሻሉ። እንደ ሕፃኑ አትጎዷቸውም፤ ለስንት ሳምንት እንደመጣችሁ ያውቃሉና።

ለትዳራችሁ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፦ ቀን ቀን አንድ ሥራ ላይ አትዋሉ። አንዳችሁ እዚህ፣ አንዳችሁ እዚያ ሁኑ። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን የዋለ ሰው ማታ የሚያወራው የለውም፤ የተለያየ ነገር ያየ ግን እስኪነጋ ይነግራችኋል።

4. ወረቀት፣ ሻንጣ፣ ገንዘብ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሆናችሁ ቢጫ ካርድ ካላችሁ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ሌሎቻችሁ ኤምባሲውን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚያስፈልገው ቪዛ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ እንጂ በጎብኚ ቪዛ ሥራ አትጀምሩ። ስለ ክትባት ሐኪማችሁን ከሁለት ወር በፊት አማክሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዕረፉ፤ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። ክረምቱ ዝናብና ብርድ ነው፤ ሹራብና ውሃ የማያስገባ ጫማ አትርሱ።

እኛ በበረርንበት አየር መንገድ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ይፈቀዳሉ። የሁለታችሁ 92 ኪሎ ይሆናል። አሮጌ ልብስ አትሙሉበት። ልብስና ደብተር መርካቶ ሞልቷል፤ ከዚያ ብትገዙ የአገሩ ነጋዴ ይጠቀማል፤ ልጆቹም ከጎረቤት ልጅ ተለይተው አይታዩም። ይዛችሁ የምትሄዱት ድርጅቱ ዘርዝሮ የላከላችሁን፣ እዚያ የማይገኘውን ብቻ ይሁን። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መለኪያውንና የሥራ ጓንቱን ይዞ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ የጠቀመ ነገር አልነበረንም።

መኝታና ምግባችሁን በራሳችሁ ገንዘብ ቻሉ፤ ከግቢው ውጭም እደሩ። ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት ቤታቸው ነው። እናንተም ማታ በራችሁን ዘግታችሁ የምታወሩበት ክፍል ያስፈልጋችኋል።

5. የማታውን ወሬ አታስታጉሉ

እኛ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ማታ ማታ ቡና እያፈላሁ ሦስት ጥያቄ እንጠያየቃለን። ዛሬ ምን ሠራህ? ምን ከበደህ? እኔ ያላየሁት ምን አየህ? ሦስተኛው ጥያቄ ሁልጊዜ ረጅም መልስ ነበረው።

አንድ ቀን ከካርዶቼ ቀና ብዬ ወደ ወጥ ቤቱ ሳልፍ፣ ባለቤቴ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከምግብ አብሳይዋ ጋር ሽንኩርት ይልጣል። መብራት ጠፍቶ ሥራው ቆሞበት ነው። ዓይኑ እያነባ፣ በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ ወደ ዓረብ አገር ስለሄደች ልጃቸው ይጠይቃቸው ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፤ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ ቤት ውስጥ ስናገር ስልኩን የሚያየው ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያን ማታ ስነግረው «እኔም እኮ እንዲህ አድርጌ አንቺን እንዳልሰማሁሽ እዚያው ነው የታየኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እራት ላይ ስልክ አይቀርብም።

ጠብም ይመጣል፤ አብዛኛው በገንዘብ ነው። እሱ ለእኔ ሳይነግረኝ ለዘበኛው 2,000 ብር ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ ሠራተኞች ፊታቸውን አዞሩብን፤ እኔም አኮረፍሁ። ሁለት ቀን ካልተነጋገርን በኋላ እስከ ዛሬ የምንጠብቀውን ሕግ አወጣን፦ ማንኛውም ስጦታ በሁለታችን ስምምነት፣ በድርጅቱ በኩል፣ በደረሰኝ ይሰጣል። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ። ስንት ብር እንደምታወጡ ወስኑ፤ ከዚያ በላይ የሚለምናችሁ ችግር ሲገጥማችሁ «ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ እነግርሃለሁ» ማለት አይክበዳችሁ።

6. ልጆቹ ፊት

ከሕፃናቱ ጋር መገናኘት አይቀርም። ያኔ እነዚህን ጠብቁ። «ማሚ» እና «ዳዲ» እንዲሏችሁ አትፍቀዱ፤ እኛ እትዬና ጋሼ ነን። እናትና አባታቸው እንዴት እንደሞቱ አትጠይቁ። ፎቶ አታንሱ፤ አንስታችሁም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የራሳችሁን ልጅ ፎቶ የማታውቁት ሰው «ምስኪን» ብሎ ቢለጥፈው ምን ይሰማችኋል? ለአንድ ልጅ ለይታችሁ ስጦታ አትስጡ። ሕፃን ቢያለቅስ ሞግዚቷን ጥሩ እንጂ አትቅደሟት፤ ማጽናናት ያለባት ነገም አብራው የምትሆነው ናት።

«እንወስድሃለን» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፤ ለቀልድም ቢሆን። የኢትዮጵያ ፓርላማ በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። ከዚያ በፊት በተነገረ ባዶ ተስፋ ለዓመታት በር በር ሲያዩ የኖሩ ልጆች አሉ።

የሚፈቀድም ደስታ አለ። ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ ትልልቆቹ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው ከግቢው በር ላይ «ሆያ ሆዬ» አሉ። አውጪው ድምፁ ገና የሚሰነጠቅ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ባለቤቴ የልጅነቱን ግጥም እያስታወሰ ከተቀባዮቹ ጋር መሬቱን በዱላ ሲመታ፣ ሞግዚቶቹ ሙልሙሉን ይዘው ሲስቁ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር በረንዳው ላይ ቆሜ አጨበጨብሁ። ከቤቱ ሰዎች ጋር፣ በበዓላቸው፣ እንደ እንግዳ መሆን ማንንም አይጎዳም።

7. ስትሰናበቱ

የምትሄዱበትን ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተናገሩ። ለትንንሾቹ በቀን ቁጥር ሳይሆን በሚያውቁት ነገር ንገሯቸው፤ «ከቡሄ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት እንሄዳለን» በሏቸው። ተደብቃችሁ አትውጡ። የመሰናበቻ ድግስ አትደግሱ፤ ኬክና ልቅሶ አንድ ላይ ለልጅ ከባድ ነው።

የ13 ዓመቱ ልጅ ባለቤቴን «መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ «አላውቅም። እመለሳለሁ ብዬህ ብቀር ስለምዋሽህ አልልህም» አለው። ልጁ ትንሽ ቆየና «እሺ፤ ሮቶውን ግን ማን ያያል?» አለ። ባለቤቴ የውሃ ማቆሚያው የት እንዳለና እንዴት እንደሚዘጋ ወስዶ አሳየው፤ መፍቻውንም ለጥገና ሠራተኛው ሰጥቶ ልጁ አብሮ እንዲማር ነገረ። በታክሲው ውስጥ እጄን ይዞ እስከ ቦሌ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

8. ቤታችሁ ስትመለሱ

የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከባድ ናቸው። አንዳችሁ ለሰው ሁሉ መናገር ትፈልጋላችሁ፤ ሌላው ዝም ማለት። እኔ ተናጋሪዋ ነበርሁ፤ ዝምታውን እንደ መርሳት ቆጠርሁበትና ተጣላን። አሁን ከአውሮፕላን ሳንወርድ እንነጋገራለን፦ ማን ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል፣ ለዘመድ የሚነገረው ምንድን ነው፣ የማይነገረውስ? የልጆቹ ታሪክ የልጆቹ ነው፤ በሰው ቤት ቡና ላይ አይወራም።

የማታውን ሦስት ጥያቄ እዚህም ቀጥሉበት። በሲልቨር ስፕሪንግ ኑሮ በየቀኑ አይሆንልንም፤ ረቡዕና እሑድ ግን አይቀርም።

ለቤቱ ማድረግ የምትችሉትን ትንሽም ቢሆን ቋሚ አድርጉት። እኛ ለአንድ የጉዞ ትኬት የምናወጣውን ያህል ገንዘብ በዓመት ውስጥ ከፋፍለን እንልካለን። ገንዘቡ ለብቻቸው ልጅ ለሚያሳድጉ ሁለት እናቶች የቤት ኪራይ ድጎማ ይሆናል፤ ልጆቻቸውን ወደ ማሳደጊያ እንዳያመጡ ድርጅቱ የሚረዳቸው እናቶች ናቸው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደውላለን። ልጆቹን ስልክ ላይ አቅርቡልን አንልም፤ የምናወራው ከኃላፊዋ ጋር ነው፦ ምን ተበላሸ፣ ምን ተሠራ፣ ለክረምቱ ምን ዓይነት ሰው ይፈለጋል?

እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ለሚመጣው ክረምት ወስኑ። የማትሄዱ ከሆነ ወዲያውኑ አሳውቋቸው፤ ሥራውን የሚሠራ ሌላ ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ እንዲኖራቸው።